የክርስትና እናት ማዕድ በጅቡቲ

ከኮልፌ

ከቤቴ የወጣሁት በሐምሌ መጨረሻ፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ስላደረ የኮልፌ ጭቃ ጫማ ያወልቃል። የምሄደው ጅቡቲ ነው። ጉዳዬ አንድ ብቻ ነው፤ ልጄን ሰናይትን ማየት።

ሰናይት ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረሰች የክርስትና እናቷ የሺ ወሰደቻት። የሺ የሰፈራችን ሰው ናት፤ የወላጆቿ ቤት ከአጠና ተራ ወረድ ብሎ ነበር። ጅቡቲ ገብታ ምግብ ቤት ከፍታ ነበርና፣ "የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት አስገባታለሁ፤ እንደ ወለድኳት አሳድጋታለሁ" አለችን። ልጄን ከጥምቀት ውኃ ተቀብላ ያቀፈች ሴት ናት። እንዴት አላምናትም? በዚያን ጊዜ እትዬ እያልኩ በእርስዎ ነበር የማናግራት። አሁን ስጽፈው ግን እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፤ የሺ ብቻ እላታለሁ።

ያን ጊዜ ከአገር መውጣት ቀላል አልነበረም። ለይለፍ ወረቀት ቀበሌ ስመላለስ ከረምኩ። ሊቀ መንበሩ በልጅነቱ እቤቴ ዳቦ በልቶ ያደገ ልጅ ነው። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

"ለምንድን ነው የሚወጡት፣ ጓድ?"

"ልጄን ላይ።"

"ካልተመለሱስ?"

"ባሌ እዚህ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ እዚህ። ወዴት እሄዳለሁ?"

"እሱን እኮ ሁሉም ይላል።"

ባሌ ታደሰ ዋስ ሆነልኝ። ካልተመለስኩ እሱ ይታሰራል ማለት ነው። አመስግኜ ወጣሁ፤ በሩን እንዳለፍኩ ግን ጥርሴን ነከስኩ። እናት ልጇን ለማየት ባሏን መያዣ ታስይዛለች? ታስይዝ ነበር።

ለሰናይት ስንቅ ይዣለሁ፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ፣ ለጾም መፍቻ የሚሆን ጭኮ፣ ከሁሉም በላይ ሽሮ። አተሩን እኔው ለቅሜ፣ እኔው ቆልቼ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ ነው ያስፈጨሁት። በሶብላውን እሷ እንደምትወደው አብዝቼበታለሁ። ታደሰ ከረጢቱን ተሸክሞ እስከ ፌርማታው ሸኘኝ። "ወፍራ ካገኘሻት ንገሪያት፣ አባትሽ ደስ ብሎታል በያት" አለኝ።

በባቡር

ከለገሃር ማለዳ ተነሣን። ወንበሩ እንጨት ነው፤ ሰው በሰው ላይ፣ ዶሮ በከረጢት ላይ። ትኬት የሚያዩት ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የአስኮ ሰው። ትኬቴን ገልበጥ አድርገው አዩና፣

"ጅቡቲ ማን አለሽ?" አሉኝ።

"ልጄ አለች። የሺ ምግብ ቤት።"

"የሺ ጋ! እኛ የባቡር ሰዎች እኮ የምንበላው እዚያ ነው። ያቺ ዓይነ ትልቅ ልጅ ያንቺ ናት? እንዴት ያለች ጨዋ! እስከ ዛሬ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።"

ደስ አለኝ። ልጄን ያመሰገኑልኝ መሰለኝ።

ናዝሬት ላይ ሸንኮራ በመስኮት ይሸጣል። አዋሽ ስንደርስ ፓፓያው፣ ሎሚው፣ የግመል ወተቱ መጣ። ጾሙ ስላልገባ የተቀቀለ እንቁላል ገዝቼ በላሁ። በወዲያኛው ሐዲድ የወታደር ባቡር ቆሟል። ጢም ያላበቀሉ ልጆች በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። አንዷ ሻጭ ፓፓያ ወረወረችላቸው። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ዋጋ የጠየቀ የለም። እነዚያ ሴቶች ከዚያ ሌላ ምን ነበራቸው?

ድሬዳዋ ቤርጎ ይዤ አደርኩ። ሙቀቱ ግድግዳውን ያልበዋል። የቤርጎዋ ባለቤት ሀብሀብ ቆርሳ፣ "ብዪ እናቴ፣ ነገ ከዚህ የባሰ ነው" አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት፤ እውነቷን ነበር።

ደወሌ ድንበሩ ነው። አንድ ፈታሽ ረዥም ብረት ይዞ መጣ።

"ምንድን ነው?"

"ሽሮ ነው፣ ልጄ።"

"ሽሮ ወደ ውጭ ምን ሊሠራ ይወጣል?"

"ሊበላ።"

ሰዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ብረቱን ከረጢቱ ውስጥ ሰክቶ አማሰለው። ሽሮዬ በወለሉ ላይ፣ በሰው ጫማ መካከል ፈሰሰ። የተረፈው እንዳይፈስ ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ የከረጢቱን ቀዳዳ አሰርኩት። "አይዞሽ፣ ያንተም እናት ሽሮ ነው የምታበላህ ብለሽ እለፊው" አሉኝ ጋሽ መኮንን። አለፍኩት። ግን አልረሳሁትም።

ጅቡቲ

ከባቡር ስወርድ የምድጃ አፍ የተከፈተብኝ መሰለኝ። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ነፋሱ ግን እሳት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የገረመኝ ውኃው ነው። የቧንቧው ጨው ጨው ይላል፤ የሚጠጣው በጠርሙስ ይሸጣል። ውኃ! እኛ አገር በክረምት ጣሪያችን የሚያፈሰውን እነሱ በገንዘብ ይገዙታል።

ዳቧቸው እንደ ክንድ የረዘመ ነው። ቅርፊቱ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ጥጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ሳይሸፍን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦት ይሄዳል፤ ዳቦ እንደ ዱላ ሲያዝ ያየሁት እዚያ ነው። የየመን ሰዎች ዓሣን ከጀርባው ሰንጥቀው፣ በርበሬ ቀብተው፣ እሳት ወደሚነድበት ጉድጓድ ምድጃ ያወርዱታል። ስሱን ቂጣም በምድጃው ግድግዳ ላይ በጥፊ ይለጥፉታል። ሽታው መንገደኛ ያቆማል። እኔ አልቀመስኩም፤ ጾሙ ገብቷል። ቀትር ላይ ደግሞ ጫቱ ከድሬዳዋ ይገባል፤ ያን ጊዜ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ለጫት እንደዚያ የሚሮጥ ሰው ለቅዳሴ ቢሮጥ አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን ከሙቀቱ ብዛት ከአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ባለሱቁ የመናዊ ነው፤ ድሮ መርካቶ ሱቅ ስለነበረው አማርኛው ከኔ አይተናነስም። ሻይ በወተት አቀረበልኝ።

"ጾም ነኝ፣ ልጄ" አልኩት።

"እንደሱ ነው? መቼ ነው የምታፈጥሪው?"

"ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።"

ተምር በወረቀት ጠቅልሎ፣ "እንግዲያው ለዘጠኝ ሰዓትሽ" ብሎ ሰጠኝ። ሂሳብ አልቀበልም አለ። የማያውቀኝ፣ በሃይማኖትም የማይመስለኝ ሰው መቼ እንደምበላ ጠየቀኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ስመለስበት ይገባችኋል።

በየሺ ቤት

የሺ ስታየኝ እልል አለች። አንገቴን አቅፋ አገላብጣ ሳመችኝ። ከኋላዋ ሰናይት ቆማለች። ረዝማለች። ጉንጯ ግን የት ሄደ? እጇን ስይዘው እንደ አሮጊት እጅ ሻክሯል።

"ከሳሽ፣ ልጄ።"

"ሙቀቱ ነው፣ እማዬ።"

"እዚህ አገር ማን ይወፍራል?" አለች የሺ፣ ወፍራም እጇን እያራገበች።

"ትምህርትስ እንዴት ነው?"

"ክረምት አይደል እንዴ? ዝግ ነው" አለች፤ አሁንም የሺ። ሰናይት መሬት መሬት ታያለች። ያመጣሁትን ስንቅ የሺ ተቀብላ "ለጾም መፍቻ ይደርሳል" ብላ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

የምግብ ቤቱ እንጀራ ጤፉ ጥቂት ነው፤ ሩዝና በቆሎ ተደባልቆበት በሙቀቱ ቶሎ ይኮመጥጣል። ግን ወጡ ሞልቷል፤ ሩዙ፣ ዓሣው፣ የፍየሉ ሥጋ። ደንበኛው የባቡር ሠራተኛና የወደብ ሠራተኛ ነው፤ የሚጾመውም የማይጾመውም አብሮ ይቀመጣል። ሰናይት ታቀርባለች፣ ታነሣለች፣ ታጥባለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሺ ለኔ ምስር ታቀርብልኛለች፤ እሷ ዓሣዋን ትበላለች። "ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም" ትለኛለች። ምስሬን እጎርሳለሁ። በሰው ቤት ነኝ።

"ሰኒስ? ነይ እንጂ፣ ደርሷል" አልኳት ልጄን።

"ተያት እስቲ፣ እስኪመሽ ነው የምትጾመው። ልጅሽ እኮ ከቄሶቹ በልጣለች!"

ሰናይት አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አማተብኩ። ተመስገን አልኩ። በባዕድ አገር፣ በዚያ እሳት ውስጥ፣ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ የምትጾም ልጅ ሰጠኸኝ ብዬ አምላኬን አመሰገንኩ። በየቀኑ እንደዚያ አመሰገንኩ። ጥርሴን አፋጭቼ ነው ዛሬ የምጽፈው።

አንድ ቀትር ላይ ለደንበኞች ሽሮ ወጣ። ገና ከሩቁ በሶብላው ሸተተኝ። የኔው ሽሮ ነው። አንዱ የወደብ ሠራተኛ "የሺ፣ ዛሬ እጅሽ ይባረክ!" አላት። "አሜን" አለች፤ ወደ እኔም አላየችም። ሰናይት ትሪውን ይዛ በአጠገቤ ስታልፍ አፍንጫዋ ሲሰፋ አየሁ።

"ቀመስሽው?" አልኳት በሹክሹክታ።

"ያው ነው፣ እማዬ። እንደ ድሮው ነው።"

ይህን ያለችኝ ሳትቀምሰው ነበር።

እሑድ

እሑድ ጠዋት ያገራችን ሰዎች ለጸሎት ወደሚሰበሰቡበት ቤት ሄድኩ። ሰናይት "ሥራ አለብኝ" ብላ ቀረች። ስመለስ የሺ ዳቦና ሻይ አቀረበችልኝ። ቅዳሜና እሑድ ጾሙ ከሥጋና ከቅቤ እንጂ ከእህል አይደለም፤ ከጸሎት ሲመለሱ ይቀመሳል። ይህን ኮልፌ ያለ ሕፃን ያውቀዋል።

"ሰኒ፣ ነይ ቁርስ።"

"እየጾምኩ ነው፣ እማዬ።"

የያዝኩትን ዳቦ አስቀመጥኩ። "ዛሬ እሑድ ነው።"

የውኃ ጣሳዋን ይዛ ወደ ጓዳው ዞረች።

"ሰናይት፣ እሑድ ማን ይጾማል?"

"መናኝ ሆናብሻለች አልኩሽ እኮ!" አለች የሺ፣ ሳቋን ለቀቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሻዬንም አልነካሁት። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

ያን ቀን ቤቱ ሞላ። ጋሽ መኮንንም ከጓደኞቻቸው ጋር መጡ፤ ተበላ፣ ተጠጣ። ሰው ቀለል ሲል ሰናይት ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ተከተልኳት። አላየችኝም።

ከውኃው በርሜል ኋላ ተቀምጣለች። ከየሳህኑ የተረፈውን ወደ አንድ ቆርቆሮ ሳህን ገልብጣለች። የአንዱ የእንጀራ ጠርዝ፣ የሌላው ሩዝ፣ የሦስተኛው የዓሣ እሾህ። እና በጣቷ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ፣ የሥጋውን ቁራጭ ወደ ዳር ትለቅማለች። ሥጋውን ለየች። ዓሣውን ለየች። ሩዙ ላይ የቀረውን ቅባት በውኃ አለቀለቀችው። ከዚያ አማትባ ጎረሰች።

ልጄ ጾሟን ይዛ ነበር። ከሰው ትራፊ ውስጥ ጾሟን እየለቀመች።

ሳህኑን ከእጇ ወሰድኩ። "እማዬ፣ ተዪ፣ እማዬ!" አለች። ወደ ሳሎኑ ወጣሁና የሺ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የልጅሽ ምሳ ነው። የክርስትና እናት አይደለሽም? ነይ አብረሽ ብዪ።"

ሻይ ይጠጡ የነበሩት ዞሩ። የሺ ፊቷ ጠቆረ።

"ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው የመጣሽው? እዚህ አገር ወጉ እንዲህ ነው! ሠራተኛ የሚበላው ደንበኛ ሲነሣ ነው!"

"ሠራተኛ?" አልኳት። "ሠራተኛ ነው ያልሽኝ?"

ቆርቆሮ ሳህኑን ወደሷ ገፋሁት።

"ካንቺ ሳጥን ውስጥ የኔ ሽሮ አለ። ልጄ ከዚያ አልቀመሰችም። ረሃቧን ጾም ነው አልሽኝ። እኔም እግዚአብሔርን አመሰገንኩበት። ሌላውን ተዪው፤ በጾም ስም ስትዋሺኝ እንኳ አልፈራሽም?"

ጋሽ መኮንን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኔስ ነገሩን አውቅ ነበር" አሉ፣ ሊያጽናኑኝ። "ሁልጊዜ አንድ ደህና ቁራሽ ሆን ብዬ እተውላታለሁ። ለእግዜር ብዬ።"

ይህ ከሁሉም ባሰኝ።

"አውቀው ነው የተዉላት?"

"አዎ፣ ምስኪን…"

"ጋሼ፣ ልጆች አለዎት?"

"አሉኝ እንጂ።"

"ከማን ሳህን ነው የሚበሉት?"

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ወደ ቆርቆሮ ሳህኑ አዩ። ጓደኞቻቸውም አዩ። የገዛ ትራፊያቸውን አይተውበት ይሆናል።

"የሺ" አሉ ሲበቃቸው፣ "የልጅቱን የይለፍ ወረቀት አምጪ።"

"አላመጣም! እኔ ነኝ ያመጣኋት!"

"እንግዲያው ካሁን ወዲያ የባቡር ሰው እዚህ ቤት አይበላም። እኔ ነኝ የምነግራቸው። ያየነውንም እናገራለን።"

የሺ ወደ አንዱ ዞረች፣ ወደ ሌላው ዞረች። ቀና ብሎ ያያት አልነበረም። ገብታ ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "ውለታ ቢሶች!" አለች።

ወረቀቱን አነሣሁ። "ሽሮዬስ?" አልኩ።

"ምን?"

"የቀረው ሽሮ። ክፈቺና አውጪ።"

አወጣች። በነጠላዬ ቁራጭ የታሰረው የከረጢቱ ቀዳዳ እንዳለ ነው።

መልስ

በቀጣዩ ባቡር ተሳፈርን። እስከዚያው ያ የመናዊ ባለሱቅ ከሚስቱ ጋር እቤታቸው አሳደሩን፤ ለኛ ብለው ያለ ቅቤ ሩዝ ቀቀሉልን። ሰናይት ግን እነሱ እስኪነሡ ጠበቀች። የሰውየው ሚስት አስተዋለች፤ ወጥታ ቆመች፣ ልጄ እንድትበላ። እግዚአብሔር ዘራቸውን ይባርክ።

ደወሌ ላይ ያው ፈታሽ ብረቱን ይዞ መጣ።

"ምንድን ነው?"

"ሽሮ።"

"ሽሮ ወደ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል?"

"ስደቱ አልተስማማውም" አሉ ጋሽ መኮንን ከኋላዬ። በዚያ ጉዞ ሰናይት ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ፈታሹም ብረቱን ሳይሰካ አለፈን። ጋሽ መኮንን እስከ ለገሃር ድረስ በየጣቢያው ወርደው ይገዙላት ነበር፤ አዋሽ ላይ ፓፓያ፣ ናዝሬት ላይ ሸንኮራ። ወደ እኔ ግን ዓይናቸውን አያነሡም። ስንወርድ "ይቅር በይኝ" አሉ። "ወረቀቷን ያስመለሱልኝ እርስዎ ነዎት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኳቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አመስግኛቸዋለሁ፣ ተቆጥቻቸዋለሁም።

ኮልፌ ስንደርስ ዝናቡ እንደተውኩት እየወረደ ነው። ታደሰ ልጁን ሲያይ ከረጢቱን ተቀብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከጅቡቲ የተመለሰውን ሽሮ ሠራሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ትሪው ቀረበ፣ ታደሰና ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ተቀመጡ። ሰናይት የት አለች? የውኃ ጣሳ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች።

"ነይ እንጂ" አላት አባቷ።

"እናንተ ጨርሱ፣ አባዬ።"

ወደ ትሪው የዘረጋው እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ቀስ ብሎ መለሰው። በቤታችን አባት ሳይጀምር ልጅ ጎርሶ አያውቅም። ታደሰ ከቦታው ተነሣ፣ እጇን ይዞ እሱ በሚቀመጥበት አስቀመጣት።

"ዛሬ የምትጀምሪው አንቺ ነሽ።"

አልነካችም። እኛም አልነካንም። ሽሮው ይንተከተካል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ መብረድ ይጀምራል። ትንሹ ልጄ አላስቻለውም፤ "ኧረ ሰኒ፣ ብዪ እንጂ፣ ራበን!" ብሎ ጮኸ።

ሰዎች የጅቡቲ ምግብ እንዴት ነው ይሉኛል። ዳቦው መልካም ነው፣ የዓሣው ሽታ መንገደኛ ያቆማል፣ ውኃው ጨው ነው። እኔ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። ልጃችሁን ሰው ቤት ልታዩ ብትሄዱ ምን ትበያለሽ ብላችሁ አትጠይቁ። መቼ ነው የምትበዪው፣ ከማን ጋር ነው የምትበዪው በሏት። ከዚያም እሑድን ጠብቁ።

ሰናይት እጇን ዘረጋች። ከእንጀራው ዳር ትንሽ ቆረሰች።

"ከመሐል" አላት አባቷ።

ከመሐል ቆረሰች። አጠቀሰች። ጎረሰች። በሶብላው ሲደርሳት ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ሁላችንም በላን። ተመስገን።